ሳላነብ የገለጥኋቸው ገጾች

ልጄ ናዝራዊት፣ የቁስቋሟ እመቤት በወጣሽበት ሁሉ ከፊትሽ ትቅደም። እኔ ደህና ነኝ፤ ልቤ ብቻ አልረጋ ብሎኛል። ወንድምሽ ወንዴ ለሰሊጥ አጨዳ ሳንጃ ከወረደ ወዲህ ስልኩ አይሠራም፤ በር በተንኳኳ ቁጥር ብድግ እላለሁ። አንቺም ፈተናውን ሦስተኛ ጊዜ ወድቄ ሐኪምነቱን ልተወው ነው ካልሽኝ ጀምሮ እህል ከጉሮሮዬ አልወርድ አለኝ።

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው ትዪ ይሆናል። የደበቅሁሽ ነገር አለ። ልጅ ሳለሽ የቤት ሥራሽን ይዘሽ ስትመጪ «አባትሽን ጠይቂ» የምልሽ ማንበብ ስለማልችል ነበር። የመሪጌታ ሚስት ሆኜ አፈርሁ። ቤተ ክርስቲያን ዳዊት ዘርግቼ ስቆም እንኳ፣ አጠገቤ ያሉት እማሆይ ገጽ ሲገልጡ እያየሁ እገልጥ ነበር። አባትሽ ካረፉ ወዲህ አራት ዓመት ሙሉ በሬን ዘግቼ፣ በቃሌ የማውቀውን ውዳሴ ማርያም በጣቴ ከፊደሉ ጋር ሳመሳክር ኖርሁ። ስንት ጊዜ ዘግቼው አልቅሻለሁ፤ በማግስቱ ግን ገለጥሁት።

ይህን ደብዳቤ የጻፍሁት እኔ ነኝ፤ አሥራ አንድ ቀን ፈጅቶብኛል።

በይ ልጄ፣ ድካምሽን አምላክ ይይልሽ፤ አንድ ጊዜ ደግሞ ሞክሪው። መልስሽን በእጅሽ ጻፊው። ፊደሉን ጎላ አርጊልኝ፤ ራሴ ነኝ የማነበው።