«አንተ» የተባለው ኮማንደር

ወልቂጤ፣ ማክሰኞ ጥር 12

ዛሬ ከድር ሥራው ተመለሰለት። ደስታው ለእኔም ተርፏል።

ጎረቤቴ ሳጅን ከድር ከፖሊስነት የተባረረው አዲሱን ኮማንደር በስብሰባ መሃል «አንተ» በማለቱ ነበር። የቸሃ ልጅ ነው፤ በእነሱ ጉራጊኛ ታላቁም ታናሹም አንድ «አንተ» ነው። አማርኛ ሲናገርም ያመልጠዋል። ኮማንደሩ ግን እንደ እኔው ከሰሜን የመጣ፣ «እርስዎ»ን ከጡት ጋር የጠባ ሰው ነው። የዲሲፕሊን ኮሚቴው «የበላይን መድፈር» ብሎ ከድርን አሰናበተው።

ዛሬ ይግባኙ ሲሰማ፣ የአማርኛ መምህር ነኝና ለምስክርነት ተጠራሁ። ስለ አክብሮት ተውላጠ ስም ረዘም ያለ ማብራሪያ ሰጠሁ። ከዳኞቹ አንዱ አዛጋ። ቀጥለው የከድር እናት እማማ ረሒማ ገቡ። ሰብሳቢው ዳኛ፣

«እናቴ፣ ልጅዎ ሰው ያከብራል?» ሲሏቸው፣

«አንተ ልጄ፣ ምን ነካህ?» አሉ። «እኔ አላህንም አንተ ብዬ ነው የምለምነው። እስካሁን አልከሰሰኝም።»

ሰብሳቢው ሳቃቸውን በሳል ሊሸፍኑ ሞከሩ፤ አልሆነላቸውም። ፊት ወንበር ላይ አንገቱን የደፋው ኮማንደርም ትከሻው በሳቅ ይንቀጠቀጥ ነበር። ስንብቱ ተሽሮ ከድር ሰኞ ሥራ እንዲገባ ተወሰነ። እማማ እዚያው አዳራሹ ውስጥ እልል አሉ፤ ሥርዓት ይከበር ያላቸው የለም።

በረንዳው ላይ ከድር ለኮማንደሩ ቀጥ ብሎ ሰላምታ ሰጠና፣ በደስታ እየተንተባተበ፣

«ኮማንደር፣ እርስዎ ጥሩ ሰው ነህ!» አለው።

ኮማንደሩ ትንሽ አሰበና፣

«ግዴለም፣ በግማሹ ታርቀናል» ብሎ አቀፈው።