ያየው ሰው ስም

ኅዳር 2፣ ማክሰኞ

እስከ አራት ሰዓት ጉም ነበር። ጉሙ ሲነሣ ድንች ቆፈርሁ። ትንንሹን ለዘር ለየሁ። የሹራቤን ቁልፍ ልሰፋ ተቀመጥሁ፣ ክሩ በመርፌው አልገባ አለኝ። ጎረቤቴ ምህረቴ ልብስ ሰፊ ናት፤ በአጥሩ ላይ ተቀብላ ባንዴ አስገባችው።

"እትዬ የሻረግ፣ የጠበበው መርፌው እንዳይመስልዎት።"

አሾፈችብኝ።

ማታ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ እንደ ወትሮው ወጣሁ። ሰባቱ ከዋክብት በምሥራቅ በኩል፣ ከባሕር ዛፎቹ በላይ። ወደ እነሱ በማነጣጥረው የቀርከሃ ቀለበት ውስጥ የታዩኝ ከዋክብት አሥራ አንድ። ደግሜ ቆጠርሁ፣ አሥራ አንድ። በ1998 የቆጠራ ደብተሬን ስጀምር አሥራ ዘጠኝ ነበሩ... ወዴት ሄዱ? የመንገዱ መብራት በላቸው።

አዝመራው ደወለ። አሥራ አንደኛ ክፍል ፊዚክስ ያስተማርሁት ልጅ ነው፤ አሁን ዶክተር ሆኖ ዩኒቨርሲቲ ያስተምራል። በአገሪቱ በስድስት ቦታ፣ ለአምስት ዓመት፣ በዓይን የሚታዩ ከዋክብት ሊቆጠሩ ነው አለኝ። የሰማዩ ጨለማ በምን ያህል እንደሚቀንስ ለማወቅ። አንዱ ቦታ አዊ እንዲሆን የእኔን ደብተር አሳይቶ ጠይቋል።

"ገንዘብ ሰጪዎቹ የእርስዎን ሃያ ዓመት አይተው አዊን መረጡ፣ ቲቸር። ሥራውን ማን ያቅደው ሲሉኝ እርስዎን አልሁ።"

"ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ እኮ።"

"ሰማዩ አልወጣም።"

ኅዳር 5፣ ዓርብ

ቀኑን ሙሉ ዕቅድ። ጣቢያ አሥራ ሁለት፤ ከጥሊሊ እስከ ዳንግላ። በየጣቢያው ሦስት ሰው፣ በየምሽቱ አንድ ተረኛ። ጨረቃ በሌለባቸው ምሽቶች ብቻ። የአዲስ ቅዳሙን ጣቢያ ከከሰሉ ጭስ ለማራቅ ከከተማው ወጣ ማድረግ። የቀለበቱ ወርድ አሥራ ሰባት ሴንቲ ሜትር ተኩል፣ ከዓይን የሚርቅበት ዘንግ አንድ ሜትር። ሁሉንም አንድ እጅ ይሥራቸው፣ ሁለት ባለሙያ ሁለት ቀለበት ነው። ለመጻፊያ የስልክ መብራት በቀይ ፌስታል ተሸፍኖ።

ኮምፒውተር አላስገባሁም። ኔትወርኩ መጣ ሄደ ሲል የወር ሥራ ከሚጠፋ ወረቀቱ በሚኒባስ ይምጣ።

በጀቱን ለአዝመራው በስልክ አነበብሁለት። ሳቀ።

"ቲቸር፣ ትንሽ ከፍ ያድርጉት። እንዲህ ካነሰ አያምኑንም።"

"የቀርከሃ ዋጋ ይጠይቁ እንጂ።"

ተራውን ምን ላይ ላቁመው? አበል ላይ? አበል የዘገየ ወር ሰማዩ ሳይታይ ሊያድር ነው። ብዙ አሰብሁ... ወንፈል። ዛሬ ያንተ ማሳ፣ ነገ የኔ። በወንፈል የቀረ ሰው አላየሁም። "የሥራ አፈጻጸም" በሚለው ርዕስ ስር ጻፍሁት። ደስ አለኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ ከማውቀው ነገር ሰማይን የሚያህል ሥራ ሲወጣ...

ኅዳር 13፣ ቅዳሜ

ሥልጠና፣ እዚሁ እንጅባራ፣ በድሮው ትምህርት ቤቴ። ሠላሳ ስድስት ሰው፣ የቀረ የለም። ወንበሮቹ ዛሬም ይወዛወዛሉ።

ከዳንግላ ሦስት መጡ። አንዷ እህተማርያም፣ መድኃኒት ቤት የምትሠራ፣ ወፍራም መነጽር ያላት። አንዱ ደሴ፣ ከከተማው ዳር የሚያርስ፣ ጥያቄ የማያልቅበት።

"እትዬ፣ ኮከብ የቆጠረ ሰው እጁ ላይ ኪንታሮት ይወጣበታል ይሉን ነበር። በአምስት ዓመት ስንት ሊወጣብን ነው?"

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ኪንታሮቱንም እንመዘግባለን አልሁት።

"ተረኛው ቢታመምሳ? ለቅሶ ቢደርስበት?"

"እንደ ወንፈል ነው። ሌላው ይወጣለታል።"

"ገባኝ" አለ። ሁሉም ገባቸው። እንዲህ ቶሎ የገባ ትምህርት አስተምሬ አላውቅም።

ኅዳር 19፣ ዓርብ

የስምምነቱ ረቂቅ መጣ። አንቀጽ ዘጠኝ ላይ ቆምሁ። የቆጠራው ውጤት ታሽጎ ወደ ማዕከል ይሄዳል፣ ለሁለት ዓመት ለማንም አይከፈትም። ለቆጠሩትም ቢሆን። ለአዝመራው ደወልሁ።

"ለምን?"

"ሌላ ተመራማሪ ቀድሞ እንዳያሳትመው ነው። ደግሞ አንዱ ቆጣሪ የሌላውን አይቶ እንዳይገለብጥ።"

ሁለተኛው እውነት ነው። ሠላሳ አራት ዓመት ስፈትን ለዚህ አይደል ተማሪ አራርቄ ያስቀመጥሁት? ግን ፈተናው ሲያልቅ ወረቀቱን እመልስላቸው ነበር። ወረቀቱን ያላየ የት ላይ እንደሳተ በምን ያውቃል?

"ወሩ እስኪያልቅ ይዘጋ። ወሩ ሲያልቅ ይከፈት።"

"አይቀበሉም፣ ቲቸር። እስከ ጥር አምስት ካልፈረምን አዊ ይቀርና ለሌላ ዞን ይሰጣል።"

"እስከዚያ ሙከራ ነው ብለሃል። ሙከራውን በእኔ ሕግ እንሥራው።"

ኅዳር 24፣ ረቡዕ

ሕልም። ጥቁር ሰሌዳ፣ ዳር የሌለው። ዳስተር ይዤ ፊቱ ቆሜአለሁ... ላጠፋ ነው ወይስ አጥፍቼ ጨርሼ?

ታኅሣሥ 4፣ ቅዳሜ

ጥርት ያለ ምሽት። በዚች ሰዓት አሥራ ሁለት ሰው ቀና ብሏል። አንዱ በዳገት፣ አንዱ በጓሮ፣ አንዱ ካጨዱት ማሳ መሐል። እርስ በርስ አይተያዩም፣ አንድ ነገር ግን ያያሉ። ይህን እያሰብሁ ትንሽ ቆየሁ። ብርዱ ከእግሬ ጀምሮ ወደ ላይ ወጣ፣ አልገባሁም።

አሥራ አንድ።

ታኅሣሥ 14፣ ማክሰኞ

የሙከራው ወር ተዘጋ። ወረቀቶቹ በሚኒባስ ረዳቶች እጅ ደረሱ፤ ከጥሊሊው ላይ ዘይት ፈሶበታል፣ ይነበባል። በረንዳዬ ላይ ገመድ ወጠርሁና በልብስ መቆንጠጫ ሰቀልኋቸው። ማንም ቆጣሪ መጥቶ ይይ።

ዳንግላ! የእህተማርያም ወረቀቶች መጀመሪያ አሥር፣ ዘጠኝ፣ አሥር ይላሉ። ከዚያ አሥራ ስድስት... አሥራ ሰባት... እስከ ወሩ መጨረሻ። የዳንግላ ሰማይ ጨልሟል። መብራት ተቋርጦ ሰንብቶ ይሆን? እንዲያ ከሆነ ጨለማው አይጠፋም ማለት ነው። ከብርሃኑ ኋላ ቆሞ ይጠብቃል፣ ሲጠሩት ይመለሳል...

አዝመራው መጥቶ አየው። ተቀምጦ ተነሣ። ማታውኑ ለገንዘብ ሰጪዎቹ ላከው።

"ቸኮልህ" አልሁት። እኔም ግን ደስ ብሎኝ ነበር።

ታኅሣሥ 18፣ ቅዳሜ

ደሴ ጉዳይ ኖሮት ከዳንግላ መጥቶ ጎራ አለ። ገመዱ ስር ቆሞ ወረቀቶቹን አንድ በአንድ በጣቱ ዳሰሰ፣ እህል ሊገዛ እንደሚያይ ሰው።

"ይቺ አሥራ ሰባት የኔ ናት" አለ ፈገግ ብሎ።

"የእህተማርያም ናት። ስሟ ይኸው።"

"ቀኑማ የሷ ነው። እሷ ግን ቻግኒ ለቅሶ ሄዳ አልነበር? አራቱንም ቀን እኔ ነኝ የቆጠርሁላት።"

"ታዲያ ስምህን ለምን አልጻፍህም?"

አየኝ። ትልቅ ሰው እንዲህ ያለ ነገር ይጠይቃል ወይ የሚል አስተያየት።

"በወንፈል የወጣሁበትን ቀን የኔ ነው ልበል፣ እትዬ? ነውር አይደለም?"

ከሄደ በኋላ ለእህተማርያም ደወልሁ። መነጽሯን ካስለወጠች ሦስት ዓመቷ ነው። "ከአሥር በላይ አይቼ አላውቅም፣ ቲቸር" ብላ ሳቀች። ደሴ ደግሞ በራሱም ተራ ከመጀመሪያው ጀምሮ አሥራ ሰባት ነው የጻፈው፤ የእሷን ብቻ ሳይ አላስተዋልሁትም።

የዳንግላ ሰማይ አልተለወጠም። ዓይኑ ነው የተለወጠው።

ደሴ አልተሳሳተም። የነገርሁትን አደረገ። እንደ ወንፈል ነው ያልሁ እኔ ነኝ። በወንፈል ቀኑ የባለማሳው ነው፤ ማን እንዳጨደ የሚጽፍ የለም። ሠላሳ ስድስት ሰው ፊት ቆሜ ስህተት አስተማርሁ፣ ሁሉም ገባቸው።

ወረቀቱ በፖስታ ታሽጎ ሄዶ ቢሆን? ደሴ ሁለት ዓመት አያየውም። ያላየውን ማን ይነግረን ነበር?

ታኅሣሥ 19፣ እሑድ

ከቤተ ክርስቲያን ተመልሼ ደብተሩን አወጣሁ። አሥራ ዘጠኝ። አሥራ ስምንት። አሥራ ስድስት። አሥራ አራት። አሥራ አንድ። ሃያ ዓመት፣ አንድ ዓይን።

አንድ ሰው ስለቆጠረው ነው ጥሩ የሆነ እል ነበር። በ1998 አርባ አንድ ዓመቴ። ዛሬ ስልሳ አንድ። መርፌው...

የቀነሰው ሰማዩ ነው?

መፈተሽ አለበት። ጨረቃዋ እየሞላች ነው፣ አይቻልም። አሥራ አንድ ቀን መጠበቅ።

ታኅሣሥ 24፣ ዓርብ

ጨረቃ ግቢውን ሞላችው። የጎመኑ ቅጠል ይቆጠራል። ከዋክብቱን ግን አንድም አልፈለግሁ፤ ደጃፍ ላይ ኩርሲ አውጥቼ ዝም ብዬ ተቀመጥሁ። ለመጀመሪያ ጊዜ ሳልቆጥር።

ታኅሣሥ 30፣ ሐሙስ

ምህረቴን ጠራኋት።

"በገና ማግስት ኮከብ ሊያስቆጥሩኝ? ሆዴ እንኳን አልቀለለልኝም።"

የእኔን ቁጥር አልነገርኋትም። ዓይኗ ጨለማውን እስኪለምድ ሩብ ሰዓት አስቀመጥኋት፤ ሩብ ሰዓቱን ሙሉ ስለ ደንበኞቿ አወራችኝ። ከዚያ ቀለበቱን ሰጠኋት። ሦስት ጊዜ፣ በልቧ፣ እያንዳንዱን በወረቀት።

አሥራ ስምንት። አሥራ ስምንት። አሥራ ስምንት።

እኔ በዚያው ደቂቃ፣ በዚያው ቀለበት፣ አሥራ አንድ።

ፊቴን አይታ ደነገጠች። "አነሰ እንዴ፣ እትዬ? ብርዱ ነው፣ ቆይ ልድገመው።"

"አላነሰም" አልኋት። "ግቢ፣ ይበርድሻል።"

የእሷ ዓይንና የያኔው የእኔ ዓይን አንድ አይደሉም። ስለዚህ ሰማዩ ከአሥራ ዘጠኙ አንድ ብቻ አጣ ብዬ አልጽፍም፣ ያልተለካ ነው። የሚጻፈው ይህ ነው፦ ደብተሩ ስለ ሰማዩ አይመሰክርም።

ጥር 1፣ ዓርብ

ዩኒቨርሲቲ ሄጄ ለአዝመራው ሁለቱንም ነገርሁት፣ የዳንግላውንና የራሴን። ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ።

"ቲቸር፣ ይህን ከነገርናቸው አበቃ። የተመረጥነው በደብተርዎ ነው።"

"አሥራ አንደኛ ክፍል፣ ቁጥሩን አግኝተህ መለኪያውን ሳትጽፍ ስትቀር ስንት ሰጠሁህ?"

"ዜሮ።"

"አልተቀየምኸኝም?"

"ዓመት ሙሉ ተቀይሜዎት ነበር።"

"እኔም ሃያ ዓመት መለኪያውን ሳልጽፍ ቆየሁ። የማን ዓይን፣ የስንት ዓመት ዓይን።"

ተነሥቶ ወደ መስኮቱ ሄደ። በመስኮቱ አዲሶቹ የግቢ መብራቶች ይታያሉ፣ በጠራራ ፀሐይ በርተዋል።

"ሰኞ ስብሰባ አለ" አለ። "እርስዎ ራስዎ ይንገሯቸው። እኔ አስተረጉማለሁ።"

ጥር 4፣ ሰኞ

በባጃጅ ሄድሁ። ደብተሩን በፌስታል ጠቅልዬ ጭኔ ላይ።

ገንዘብ ሰጪዎቹ በኮምፒውተሩ መስኮት ስድስት ሆነው ታዩ። ኔትወርኩ ሁለቴ ተቋረጠ፤ ሁለቴም ከመጀመሪያው ጀመርሁ። የደሴን ወረቀት አሳየሁ፣ ደብተሬን አሳየሁ። ሁለት ነገር ጠየቅሁ። በቅጹ ላይ ከተረኛው ስም ቀጥሎ ያየው ሰው ስም ይጨመር። ወረቀቱ ወሩ ሲያልቅ ይከፈት።

አንዲት ሴት ጠየቀች፤ ቆጣሪዎቹ ወረቀቱን ባያዩት ኖሮ ስህተቱን መቼ ታገኙት ነበር?

አዝመራው ወደ እኔ ዞረ።

"አናገኘውም ነበር" አልሁ።

ምስላቸው ቆመ። ኔትወርኩ ይሁን እነሱ አላወቅሁም።

ጥር 5፣ ማክሰኞ

የመፈረሚያው ቀን ነው። መልስ የለም። ድንች ኮተኮትሁ።

ጥር 10፣ እሑድ፣ ከተራ

ከሰዓት በኋላ አዝመራው ነጭ ለብሶ፣ ታቦታቱን ከመሸኘቱ በፊት መጣ። ወረቀት ይዟል። በበሩ ሳይገባ ከአጥሩ ውጭ ጀምሮ ያወራል።

ጣቢያዎቹ ከአሥራ ሁለት ወደ ስምንት ወርደዋል። አንቀጽ ዘጠኝ ተቀይሯል፤ የወሩ ቆጠራ ወሩ ባለቀ በሳምንቱ ለቆጣሪዎቹ ሁሉ ይከፈታል፣ በስድስቱም ቦታ። በቅጹ ላይ አዲስ መስመር ገብቷል። መነሻ ማስረጃ በሚለው ገጽ ላይ ደብተሬ የለም። ሁለቴ ገለጥሁት። ምላስ የወለቀ ጥርስ ቦታ እንደሚፈልግ።

ፈረምሁ።

ለደሴ ደወልሁለት። ከእንግዲህ ለሌላ ሰው ስትወጣ የራስህንም ስም ትጽፋለህ አልሁት። አሰበበት።

"ከሷ ስም ስር ከሆነ እሺ፣ እትዬ። ከላይ አይሆንም።"

"ከስር ነው።"

ሲመሽ ከጥምቀተ ባሕሩ በኩል ዝማሬ እየመጣ ይመለሳል። ጨረቃ የለችም። ሰባቱ ከዋክብት ከአናቴ በላይ። የእንጅባራ ተረኛ እኔ ነኝ። መጀመሪያ ራሴ አየሁ፣ አሥራ አንድ። ከዚያ ምህረቴን ጠርቼ ቀለበቱን ሰጠኋት፣ እኔ ከጎኗ ቆሜ።

ስንት ዓመት ሙሉ የመንገዱ መብራት በላቸው እል ነበር። አልተበሉም። እኔ የማላያቸው፣ ከአሥራ አንድ በላይ ያሉት ሰባቱ፣ ሁሌም የነበሩበት ቦታ ላይ ናቸው። አሁንም እየተቆጠሩ ነው...

አዲስ ደብተር፣ የመጀመሪያ ገጽ።

ተረኛ፦ የሻረግ።
ያየችው፦ ምህረቴ።
አሥራ ስምንት።