የበሬሳ ማዶ ለማዶ ዲፌንስ

ውድ እታለም አስናቀች፣

አንኮበር ያላችሁ ሁሉ እንዴት ናችሁ? እኔ ደህና ነኝ፤ ድምፄ ብቻ ተዘግቷል። ለምን እንደተዘጋ ልንገርሽና ሳቂ።

ኮሌጃችን በሬሳ ወንዝ ዳር ያለ የጥንት የድንጋይ ግቢ መሆኑን ነግሬሻለሁ። እዚህ ማስተርስ የሚማር ሰው ለመመረቅ ዲፌንስ የሚሉት ነገር አለበት፤ ፈታኞች ፊት ቆመሽ ስለ ጥናትሽ ትጠየቂያለሽ። የእኔ ተራ ማክሰኞ ነበር፣ የመጨረሻው ቀን። ካለፈኝ ምረቃው ለከርሞ ነው።

ታዲያ ሌሊቱን ሲዘንብ አድሮ በሬሳ ድልድዩን ውጦታል። ከሌላ ዩኒቨርሲቲ የመጡት ፈታኝ፣ ዶክተር ወልደአረጋይ፣ ማዶ ቀሩ። ኔትወርክ የለ፣ መብራት የለ። አማካሪዬ ዶክተር ምህረቱ፣ "በቃ በሰለች፣ ዘንድሮ አልሆነም" ሲሉኝ አንቺ ትዝ አልሽኝ። ከተዳርሽ ወዲህ ገደል ለገደል እየተጣራን አይደል ያወራነው? "እዚሁ ሆኜ ልጣራ" አልኳቸው።

ወንዙ ዳር ወርጄ፣ እጄን አፌ ላይ አድርጌ ተጣራሁ። ጉዴን ስሚ፤ የልማዴን አመጣሁት። "ዶክተር ሆይ! እንዴት አደሩ? ልጆቹ ደህና? ከብቱስ ደህና?" ዶክተር ምህረቱ ፊታቸውን በእጃቸው ሸፈኑ። እኔም መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ከማዶ፣ "እግዚአብሔር ይመስገን! ላሚቱም ወልዳለች!" የሚል ድምፅ መጣ። ለካ ሰውዬው የመዘዞ ልጅ ናቸው፤ እንደኛው ገደል ለገደል ሲጣሩ ያደጉ!

ከዚያማ ምን ልበልሽ፤ ስለ እርከን ሥራ የጻፍኩትን ሁሉ እየጮህኩ መለስኩ። ወንዙ ዳር ልብስ የሚያጥቡ ሴቶች ሥራቸውን ትተው ያዳምጣሉ። "ጎርፉ የትኛው እርሻ ላይ በረታ?" ብለው ዶክተር ወልደአረጋይ ሲጠይቁኝ ትንሽ ባስብ አንዷ፣ "ንገሪያቸው እንጂ!" አለችኝ። ነገርኳቸው።

ፈታኞቹ ስለ ውጤት ሲመካከሩ ተፈታኝ ከክፍል ይወጣል። እኔ ከሜዳ ወዴት ልውጣ? "ዙሪና ጆሮሽን ድፈኚ" ተባልኩ። ጀርባዬን ለወንዙ ሰጥቼ፣ ጆሮዬን ደፍኜ ቆምኩ። ሁለቱ ዶክተሮች ማዶ ለማዶ ሲጯጯሁ ውጤቴን መንደሩ ሁሉ ከእኔ በፊት ሰማ። እኔ ማለፌን ያወቅኩት ሴቶቹ ፊቴ መጥተው እልል ሲሉ አፋቸውን አይቼ ነው።

ምረቃው ከእንቁጣጣሽ በፊት ባለው ቅዳሜ ነው። እታለም፣ እኔ እንድማር ብለሽ አንቺ ከስምንተኛ ክፍል ቀረሽ። አንድ ቀን እንኳ አመስግኜሽ አላውቅም። ገደል ለገደል ስንጣራ አገር ምድሩ ስለሚሰማ አፍሬ ነው። ይሄን ደብዳቤ ግን ማንም አይሰማብንም፤ አመሰግንሻለሁ። ነይልኝ። ጋዋኑን መጀመሪያ የማለብሰው አንቺን ነው።

ያንቺው በሰለች