የደምለው ጫማ በአባቴ ወንበር ላይ

ደባርቅ፣ ሐሙስ የካቲት 13 ቀን 2017 ዓ.ም.

ውድ መምህርቴ ሚስስ ሳሮጂኒ፣

የጤናዎን ነገር ሳልጠይቅ መጀመሬን ይቅር ይበሉኝና፣ መጣ! ደምለው መጣ! ወንድሜ ሰኞ ዕለት በገዛ እግሩ በሩን ገፍቶ ገባ። ከስቷል፣ ያስለዋል፤ ግን እሱ ራሱ ነው። ከዚያ ወዲህ አፌ አልዘጋ ብሎኝ ጎረቤቱ "ጤናዬ ሬዲዮ ሆነች" ይለኛል። እርስዎስ ክፍል ውስጥ "ጤናዬ፣ አፍሽን ለአንድ ደቂቃ ለሒሳብ አበድሪው" ይሉኝ አልነበር?

ይህን የምጽፈው ግን ለምሥራቹ ብቻ አይደለም። ወንድሜን በገባበት ሰዓት ዋሽቼዋለሁ። የነገሩ ሥር ያለው እርስዎ አገር፣ አንድ የራማ ቤተ መቅደስ ውስጥ ነውና ለእርስዎ ካልነገርሁ ለማን እነግራለሁ?

ዳባት ሁለተኛ ደረጃ ሲያስተምሩን ግቢያችን ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይተው ነበር። አባቴ መሪጌታ ገብረ ሚካኤል ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ ፊደል ያስቆጥርዎት ነበር፤ ይኸው ዛሬ ይህን የሚያነቡት በዚያ ፊደል ነው። አንድ የክረምት ቀን፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው፣ እርስዎ የአገርዎ ሰው እንደ አምላክ የሚሰግድለትን የልዑል ራማን ታሪክ ነገሩን። ሊነግሥ ሲል በእንጀራ እናቱ ምክንያት አሥራ አራት ዓመት ጫካ ተሰደደ። ታናሽ ወንድሙ "በወንድሜ ወንበር አልቀመጥም" ብሎ የራማን ጫማ ለምኖ ወሰደ፤ በአናቱ ተሸክሞ አምጥቶ ዙፋኑ ላይ አኖረው፤ ወንድሙ እስኪመለስም አገሩን በጫማው ስም ጠበቀለት።

እናቴ በሳቅ ፈረሰች። "ጫማ ነገሠ ነው የምትዪኝ፣ እቴ ሳሮ? የእኛማ ባለ እግሩም አልቻለበት!"

"አንቺ ሴት፣ ሰው ይሰማል!" አለ አባቴ፤ ጊዜው የደርግ ነበራ። ከዚያ ጢሙን እያሻሸ፣ "ቢሆንም ደግ ወንድም ነው። ባዶ ወንበር መጠበቅ ቀላል እንዳይመስላችሁ" አለ።

እሱ ሲያርፍ እናቴም ወንበሩም ደባርቅ እኔ ቤት መጡ።

ደምለው ቡይት ራስ ላይ የፓርኩ ስካውት ነበር፤ ጠመንጃውን ይዞ ፈረንጅ ያጅባል። አንድ ጀርመን የቆዳ ቦት ጫማ ሰጥቶት፣ እሱን ለሚካኤል በዓል ብቻ ነው የሚያደርገው። በነሐሴ 2013 ጦርነቱ ወደ እኛ ሲመጣ "ይሄን ጭቃ አያበላሽብኝ" አለና ኮንጎ ጫማውን አድርጎ ሄደ። ከዚያ ድምፁ ጠፋ። አብረውት ከዘመቱት አንዱ "ሲወድቅ አይቻለሁ" አለ፤ ሌላው "የለም፣ ሲማረክ ነው ያየሁት" አለ። መርዶ የሚያረዳም፣ ምሥራች የሚነግርም አጣን። እናቴ ዐይኗን ሞራ ጋርዶት ስለነበር፣ በር በተንኳኳ ቁጥር ፊቷን ወደ ድምፁ አዙራ "እሱ ነው?" ትላለች። ለፍየል ጠባቂውም፣ ለመብራት ቆጣሪ አንባቢውም "እሱ ነው?"

በዚያው ሰሞን ነው እርስዎ ያን ፎቶ በቴሌግራም የላኩልኝ። በሰፈርዎ ወንዝ ዳር ያለች ትንሽ የራማ መቅደስ። ውስጧ ምስል የለም፤ ከፍ ያለ ወንበር ላይ በቢጫ አበባ የተሸፈነ ጥንድ የእንጨት ጫማ ብቻ። "ሰው ጫማውን ደጅ አውልቆ፣ ደወሉን መትቶ ይገባና ግንባሩን ያስነካል" ብለው ጻፉልኝ። "ልጃቸው የራቀባቸው እናቶች በየማለዳው ትኩስ አበባ ያመጣሉ። ጫማው የሚነግራቸው አንድ ነገር ነው፤ ባለቤቱ ይመለሳል።"

እኔ የመሪጌታ ልጅ ነኝ፤ ከአምላኬ ሌላ አላውቅም። ጫማ ማውለቁ ግን የእኛም ነው፤ ታቦቱም ቢሆን ተሸፍኖ፣ ሳይታይ ነው የሚሰገድለት። ያች መቅደስ ከልቤ አልወጣ አለች። የደምለውን ጫማ ወለወልሁና አባቴ ወንበር ላይ አኖርሁት። ጋቢውን አጥፌ ከጎኑ፣ ፎቶውን ከበላዩ። ቅዳሜ ቅዳሜ ቀለም እቀባዋለሁ። ለእናቴ አልነገርኋትም፤ እንደዚያን ቀኑ ትስቅብኛለች ብዬ።

ምነው ያን ጊዜ በሳቀችብኝ!

በእኛ አገር ሬሳው ላልተገኘ ሰው ለቅሶ ሲቀመጡ፣ ልብሱና ጫማው ከፎቶው ጋር ወጥቶ ነው የሚለቀስበት። ይህን ሕፃንም ያውቀዋል። እኔ ግን ያን ወንበር በእርስዎ መቅደስ ዐይን እያየሁት፣ የአገሬ ሰው ምን ብሎ እንደሚያየው አንድ ቀን አላሰብሁም።

አምና በጥር፣ ለወራት ተዘግቶ የነበረው መንገድ ሲከፈት፣ አክስቴ በለጠች ከአምባ ጊዮርጊስ በሚኒባስ መጣች። እኔ ጓዳ ሽንኩርት እከትፋለሁ። "እናንት ቤቶች!" ስትል ሰማሁ፤ ከዚያ ጭጭ። ከዚያ፣

"ወይኔ ደምለው! ወይኔ ጎበዙ! ሳልሰማ ተለቀሰልህ!"

ቢላውን እንደያዝሁ ሮጥሁ። ነጠላዋን አገልድማ ደረቷን ትደቃለች።

"በለጡ፣ ዝም በይ! አልሞተም! ጫማው ነው!"

"ጫማውማ ጫማው ነው ልጄ፤ የጠፋው እግሩ ነው!"

እናቴ ከመደቡ ተነሥታ ግድግዳውን እየዳበሰች መጣች። እጇ ወንበሩን አገኘ። ጫማውን ከላይ እስከ ታች ዳበሰችው፣ የቀለሙን ሽታ አሸተተችው። "ለካ አርድተውሽ ደብቀሽኝ ነው፣ ጤናዬ" አለች። ድምፅዋን እንኳ አላነሣችም።

ኡኡታውን የሰማ ሁሉ ግልብጥ ብሎ ገባ። የእድሩ ዳኛ አገኘሁ ማንንም ሳይጠይቅ ድንኳን አስተከለ። "መርዶ የለም! ማንም አላረዳንም!" እያልሁ ስጮኽ ሴቶቹ ክንዴን ይዘው "አይዞሽ፣ አልቅሺ ይውጣልሽ" ይሉኛል። እስከ ማታ ጮኽሁ። በማግሥቱ ደከመኝና እኔም ከሰው ጋር አለቀስሁለት። ከሁሉ የሚቆጨኝ ይህ ነው። እናቴ ቀና ብላ የእኔን ለቅሶ ስትሰማ፣ የቀረቻት ተስፋም ሄደች።

ከዚያ በኋላ እህል አልቀመስም አለች። ሰው ሲያንኳኳ "እሱ ነው?" ማለቷን ተወች። በሠላሳ ሁለተኛው ቀን አረፈች፤ የልጄ ያለችው አርባ እንኳ ሳይደርስ።

እሱ ደግሞ በሕይወት ነበር፣ ሚስስ። ተማርኮ፣ ተለቆ፣ ሱዳን ተሰድዶ፣ እዚያም ጦርነት ተነሥቶበት፣ በመተማ ዞሮ ነው የመጣው። ሰኞ ዕለት በሩ ላይ አንቄ ስስመው፣ በትከሻዬ ላይ ቤቱን ቃኘና፣

"እማማስ?" አለኝ።

"ታማ፣ ወንድሜ። አምና።"

"ስለ እኔ ክፉ ሳትሰማ?"

"ሳትሰማ። 'ይመጣል' እንዳለች።"

"ተመስገን" አለ። እንባው ወረደ፤ ፊቱ ግን ሲበራ አየሁት። ያን "ተመስገን" እንዴት ብዬ ልንጠቀው?

ይኸው አራት ቀን ሙሉ ደጃፍ ላይ ቆሜ፣ እንኳን ደስ ያላችሁ ሊል የሚመጣውን ሁሉ "ለቅሶውን እንዳታነሡ" እያልሁ ሳስገባ አለሁ። ጫማውን ከሣጥን ሥር ሸሸግሁት። ግን ቅዳሜ፣ ጾሙ ሳይገባ፣ የእናቴ ሙት ዓመት ነው፤ በለጠችም ትመጣለች። የበለጠችን አፍ የሚዘጋ በር ገና አልተሠራም። ከእሷ ከሚሰማ ከእኔ ይስማ።

ራማ ሲመለስ ጫማውን እግሩ ላይ ያጠለቀለት ያው ታናሽ ወንድሙ ነው ብለውን ነበር። ነገ እኔም ለደምለው በእጄ አደርግለታለሁ። ያን ጊዜ እነግረዋለሁ።

ዓርብ

ነገርሁት። ጠዋት መደቡ ላይ አስቀምጬው ተንበረከክሁ። ከግራ እግሩ ሁለት ጣት የለም፤ ካልሲ አድርጎ ስለሰነበተ አላየሁም ነበር። ጫማው ሰፋው። ክሩን ሳስርለት ጎንበስ ብሎ አየውና፣

"አራት ዓመት የተቀመጠ ጫማ እንዲህ ያበራል እንዴ? ማን ወለወለው?" አለኝ።

"እኔ።"

"ለማን ብለሽ?"

ሁሉንም አወጣሁት፤ መቅደስዎን፣ ወንበሩን፣ በለጠችን፣ የእኔን ለቅሶም። ስጨርስ የአባቴን ወንበር አየ።

"እማማ ይሄን ጫማ ዳብሳ ነው የሞተችው?"

"አዎ።"

"'ሳትሰማ' አልሽኝ።"

"አዎ።"

ተነሥቶ እያነከሰ ወጣ። ልከተለው ብዬ ተነሣሁና ከበሩ ተመለስሁ። እኩለ ቀን ሆነ፣ አልመጣም። ክፉ ክፉው ሲመጣብኝ ነጠላዬን ጎትቼ ወጣሁና ቤተ ክርስቲያኑ ደረስሁ።

እናቴ መቃብር አጠገብ ባዶ እግሩን ተቀምጧል። ጫማውን አውልቆ ድንጋዩ ላይ፣ በራስጌዋ በኩል፣ ጎን ለጎን አኑሮታል።

"ምን እያደረግህ ነው፣ ወንድሜ?" አልሁት።

ዞር ብሎ አላየኝም። "ያን ጊዜ ስትዳብሰው ባዶ ነበር" አለ። "አሁን የእግሬ ሙቀት አለበት። ትዳብሰው።"

ይቅር አላለኝም፣ ሚስስ ሳሮጂኒ፤ አልልዎትም። ግን ከአጠገቡ ያለውን አፈር በእጁ ጠረግ አደረገና፣

"ነይ፣ ተቀመጪ" አለኝ።

ተቀመጥሁ። ያለ ወትሮዬ አንድም ቃል አልተናገርሁም።

ደምለው "ነገ በለጠችን በር ላይ የምቀበላት እኔ ነኝ" ብሏል፤ በድንጋጤ እንዳትሞትብን እንጂ! ጤናዎ እንዴት ነው? "ጉልበቴን ያመኛል" ብለውኝ ነበር። ወደዚያች መቅደስ ሲሄዱ ከእናቶቹ ጋር ትንሽ ቆመው፣ አንድ ጫማ እግሩን ማግኘቱን ይንገሯቸው። ስለት አይደለም፣ የነፍስ አባቴ እንዳይቆጡኝ። የእናቴን ነገር ግን ለእነሱ አይንገሩ፤ አበባቸውን ይዘው ይግቡ።

አፏን ለሒሳብ ያላበደረችው ተማሪዎ፣
ጤናዬ ገብረ ሚካኤል