ለሻይ ሰዓት ስለተቆላው የአክስቴ ዘር

ለተከበሩ ዶክተር ኃይለ ጊዮርጊስ
የዘላቂ ምግብ ሥርዓትና የማኅበረሰብ ጥበቃ ጥናት ፕሮጀክት አስተባባሪ
ጎንደር፣ ቁስቋም

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን እጠይቃለሁ፤ በተለይ የጥርስዎንና የሆድዎን። እኛ ከድብ ባሕር በላይ ያለን ገበሬዎች፣ ነሐሴ ገብቶ ጎታችን ባዶ ከመሆኑ በቀር፣ ደኅና ነን። በአደባባይ የምጽፍልዎ ሦስት ጊዜ ቢሮዎ መጥቼ ለመስክ ሥራ ወጥተዋል ስለተባልኩ ነው። መስኩ እኛ ነን፤ እኛ ዘንድ ግን አልመጡም።

1ኛ. አክስቴን ወይዘሮ ሸዋአየሁን ስላከበሩልን እናመሰግናለን። ጥር ላይ ባለሙያዎችዎ ቤቷ ድረስ መጥተው፣ ጥቁር ገብሷ ውርጭ የማይጎዳው፣ ከሌላው ቀድሞ በነሐሴ መጨረሻ የሚደርስ መሆኑን ሁለት ቀን ሙሉ ጠይቀው ጻፉ። ዘጠኝ ቤተሰብ በየዓመቱ ከእሷ ቁና እየወሰደ ይዘራል፣ ሲያጭድ ቁናውን ይመልሳል፣ የክረምቱን ረሃብም የሚሻገረው በዚያ ነው። አምና በረዶ ማሳውን ሁሉ ስላወደመው፣ ከዚያ ዘር የተረፈው እሷ ያስቀመጠችው ሦስት ቁና ብቻ ነበር።

2ኛ. ሦስቱንም ቁና ስለወሰዱልን እናመሰግናለን። በእኛ ዘንድ የዘር እህል እስከሚዘራበት ቀን አይከፈትም፤ ልጅ ቢርበው እንኳ አይነካም። ፕሮጀክትዎ ግን በቀዝቃዛ ክፍል አኑሮ ለግንቦት እንደሚመልሰው የሚገልጽ፣ ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ሰጠን። ወረቀቱን ያነበብኩላት እኔ ነኝ። እመኚያቸው ያልኳትም እኔ ነኝ። ስለዚህ ነገር አንጀቴ እንዴት እንደሚቃጠል ለጥናትዎ ስለማይጠቅም አልዘረዝርም።

3ኛ. በመጋቢቱ ዐውደ ጥናት ጾማችንን ስላከበሩ እናመሰግናለን። ቀኑ ዓርብ፣ ጾሙም ዐቢይ ጾም ነበርና፣ ቅቤ የነካው ብስኩት ቀርቶ የሀገር ምግብ ይቅረብ ብለው አዘዙ። መስተንግዶውን የያዙት ሰዎችም ቀዝቃዛ ክፍል ከተባለው የመጋዘን ጥግ ከረጢቱን አንሥተው አስቆሉት። ከረጢቱ ላይ የአክስቴ ስም ተጽፎ ነበር፤ ከገጠር የሚመጣ ዘመድ ባዶ እጁን አይመጣምና፣ ለእንግዶቹ ያመጣችው ስጦታ መሰላቸው።

4ኛ. አክስቴን በክብር እንግድነት ከፊት ወንበር ስላስቀመጧት እናመሰግናለን። ሰሃኑ እሷ ጋ ሲደርስ አንድ ፍሬ አንሥታ አገላብጣ አየችና ወደ እኔ ዞረች። «ምነው ዳኛው፣ ይኸ የኔ ዘር አይደለም ወይ?» አለችኝ። እርስዎ በዚያ ሰዓት መድረኩ ላይ ጭብጥ ቆሎ ይዘው የአካባቢ ዝርያዎች ለልጅ ልጅ ስለሚተላለፉበት መንገድ ያብራሩ ነበር፤ እያኘኩ ስለነበረ ግማሹን አልሰማንም። እሷ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ እየዞረች ከየሰሃኑ የተረፈውን በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረች። አንድ ባለሙያዎ የራባት መስሎት የራሱን ድርሻ ጨመረላት። ቸርነቱን ይንገሩልን። ወደ ቤት ስንመለስ በዐውደ ጥናቱ የተሰጣትን የምስክር ወረቀት እኔ ያዝኩላት፤ እጇ ቋጠሮውን አልለቀቀም ነበር።

5ኛ. በግንቦት ስለላኩልን ምርጥ ዘርም እናመሰግናለን። የሚደርሰው በኅዳር ነው። ነሐሴ ላይ የራባቸው ልጆች እስከ ኅዳር የሚታገሡበት ጥናት ካለዎ ይላኩልን፤ የዘጠኙም ቤት ሰዎች ያነብቡታል።

በዚህ ሁሉ ድካምዎ ማዕረግዎ ከፍ እንዲል፣ ጎታዎ እንዲሞላ፣ የዚያ ጎታ ጠባቂም ልክ እንደ እርስዎ ያለ ሰው እንዲሆን ከልብ እየተመኘሁ፣ ለጥናትዎ ናሙና፣ ለሪፖርትዎ ፎቶግራፍ የሆንኩት፣

ዳኛው ሙሉሰው
የሸዋአየሁ የወንድም ልጅ

ማሳሰቢያ፦ ሐምሌ ላይ ለቀጣዩ ምዕራፍ ተጨማሪ ናሙና እንድንልክ ጽፈውልን ነበር። አክስቴ ከቋጠረችው ውስጥ እሳት ያልጎዳው የመሰላትን ሠላሳ ሰባት ፍሬ መርጣ ዘርታለች፤ አንዱም አልበቀለም፤ ዛሬም ጠዋት ግን ሄዳ አይታለች። የቀረው አንድ እፍኝ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ተልኳል። ከጥቁር ገብሳችን የተረፈው ይኸው ብቻ ነውና፣ እባክዎ ረጋ ብለው ያኝኩት።