እጄን ማን ያዘልኝ?

መስከረም 12
ፀጉር ቤቱን በሁለት ሰዓት ከፈትኩ። የሦስት ሰው ፀጉር ቆረጥኩ። ጢሙን ሊላጭ ለመጣው «ምላጭ አልቋል» አልኩት። መሳቢያው ሙሉ ነው... ያለቀው የሚንቀጠቀጠው ቀኝ እጄ ነው። እስከ መቼ ልዋሽ?

ጥቅምት 3
ሆስፒታል። ዶክተሯ አውራ ጣቴንና ሌባ ጣቴን ቶሎ ቶሎ እንዳጋጥም አዘዘችኝ። ከኋላዬ ቆማ ትከሻዬን ሳብ አደረገች... እወድቅ እንደሆን ልታይ። ፓርኪንሰን የሚሉት የሚያንቀጠቅጥ በሽታ ላለብን ሰዎች የሚሞከር አዲስ መድኃኒት አለ። ግማሾቻችን እሱን፣ ግማሾቻችን መድኃኒት የሌለበት ባዶ እንክብል እንውጣለን። ለማን የቱ እንደደረሰው እሷም አታውቅም። ፈረምኩ። ሚስቴ «ዕጣ ነው በለኛ» አለች።

ኅዳር 9
የሸሚዜን ቁልፍ ራሴ ቆለፍኩ። ሁሉንም። ሚስቴ አየችኝና ፊቷን አዞረች... አለቀሰች መሰለኝ።

ኅዳር 21
ደንበኛዬ የሆኑትን ጡረተኛ ዳኛ ላጨኋቸው። በምላጭ። አንድ ጭረት የለም። እንዲያውም ወንበሩ ላይ እንቅልፍ ወሰዳቸው።

ጥር 15
ጥናቱ አለቀ። ዶክተሯ ወንበሯን አስጠጋችና «የእርስዎ ባዶው ነበር» አለችኝ።
«ታዲያ እጄን ማን ያዘልኝ?»
ሰው ተስፋ ሲያደርግ አንጎሉ ከራሱ መድኃኒት ያመነጫል አለች። የውሸት አይደለም፤ ግን ላይቆይ ይችላል። እንደገባው ሰው ራሴን ነቀነቅኩ። ምኑ ነው የገባኝ? ከራሴ ከሆነ መስከረም ላይ የት ሄዶ ነበር?

ጥር 16
ለሚስቴ ነገርኳት። «አስመስለህ ነበር እንዴ?» አለች። ለክፋት አይደለም። እኔም ራሴን ስጠይቅ ያደርኩት እሱኑ ነው። ግን... ቁልፍ መቆለፍን ማስመሰል ይቻላል?

ጥር 24
መንቀጥቀጡ ተመለሰ። መቀሱ ከማበጠሪያው ጋር ተንጫጫ። ደንበኛው በመስታወት አየኝ። ዳኛው ትዝ አሉኝ... ባዶ ውጬ አንገታቸው ላይ ምላጭ ሳመላልስ። መቀሱን አስቀመጥኩ።

የካቲት 18
የተለመደውን መድኃኒት ከጀመርኩ ሁለት ሳምንት። መንቀጥቀጡ በግማሽ ቀንሷል። መድኃኒቱ ነው ወይስ ተስፋው? ዶክተሯ «ሁለቱም ሊሆን ይችላል» አለች። ይኼ መልስ ነው?
በሩ ላይ «ጢም ይላጫል» የሚለውን ጽሑፍ ቀለም ቀብቼ አጠፋሁት።
ልዘጋ ስል ሚስቴ መጣች። በሃያ ስድስት ዓመት ትዳር ወንበሬ ላይ ተቀምጣ አታውቅም። ሻሿን ፈታች። «ማጅራቴን አስተካክልልኝ።»
«እጄ እኮ...»
«አይቼዋለሁ። ቀስ በል።»
በማሽን ጀመርኩ። እጄ ሲንቀጠቀጥ አነሳለሁ፣ ሲቆም እቀጥላለሁ። አንገቷን ደፍታ ጠበቀችኝ። መስመሩ በስተግራ ትንሽ ጠመመ። መስታወቱን ሰጠኋት። ሳታይበት መለሰችልኝና ሻሿን አሰረች።