የተረፈው ግምጃ

ይድረስ ለወንድሜ፣ ለጋሼ። ያለህበት ሰላም ከሆነ እኛም ደህና ነን፤ እኔ ብቻ ሰሞኑን ቁጭ ብድግ አበዛሁ።

የቤተ መቅደሱን መጋረጃ ሰፍተን ጨረስን። አባባ ከአልጋው ሳይወርድ ስፌቱን ሁሉ በጣቱ ዳሰሰና ሁለት ቦታ አስፈታኝ። ምላሱ ዛሬም ከመቀሱ ይስላል! ስለ ጨርቁ ስም ሲጀምር ደግሞ ማን ያስቆመዋል? «ግምጃ ቤት ሲባል ሰዉ ገንዘብ ብቻ ይመስለዋል። ስሙ የመጣው ግን ከዚሁ ከጨርቁ ነው፤ ከግምጃው። ግምጃ የሚለብሰው የከበረ ብቻ ነው» አለኝ።

ከመጋረጃው የተረፈውን ቀዩን ግምጃ ግን አልሸጥም ብሏል። «ምን ልታደርገው ነው?» ስለው፣ አልጋው ላይ በጀርባው ቀጥ ብሎ፣ እንደሚገነዝ ሰው እጆቹን አጣምሮ ተኛና «ነይ፣ ለኪኝ» አለኝ። ሳቅ ብዬ፣ ሜትሩ ጠፍቷል አልኩት። ሜትሩ ኪሴ ውስጥ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ቤቱን ሁሉ ያስፈትሸኛል። ላንተም ደውሎ ሜትር ላክልኝ ማለቱ አይቀርም። እባክህ ጋሼ፣ ሜትሩን ተወውና አንተው ና።

ለቤተሰብህ ሁሉ ሰላምታዬን አድርስልኝ። እስክትመጣ ሰላም ሁን፤ ሜትሩም ከኪሴ አይወጣም።

እህትህ